የካያክ መገፋት (ዓሣ ማጥመድ)

የካያክ መገፋት ማለት በካያክ ላይ ሆኖ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሳይቀዝፍ በነፋስ ወይም በውሃ ፍሰት ኃይል ከቦታው መወሰዱ ነው። ካያክ ጠባብና ቀላል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጀልባ ነው። ክብደቱ አነስተኛ ስለሆነ እንደ ጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ በነፋስ በቀላሉ ይነዳል። መገፋቱን ለማዘግየት ተንሳፋፊ መልሕቅ፣ የሚጎተት ሰንሰለት፣ መደበኛ መልሕቅ እና ችካል ያገለግላሉ። ከእነዚህ የሚመረጠው ጀልባውን በሚወስደው ኃይል ይወሰናል፤ ለነፋስ የተሠራ መሣሪያ ለፍሰት አይሆንም።

አመጣጥ

ካያክን የፈጠሩት በአርክቲክ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት፣ የዩፒክ እና የአሌውት ሕዝቦች ናቸው። ከእንጨት ወይም ከአጥንት በተሠራ አጽም ላይ የአቆስጣ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ነበር። የኢኑዊት አዳኞች በጦራቸው ገመድ ጫፍ ላይ በአየር የተነፋ የአቆስጣ ቆዳ ያስሩ ነበር። የተወጋው እንስሳ ሲሸሽ ቆዳውን በውሃ ላይ ስለሚጎትት ቶሎ ይደክማል። ዛሬ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጡት ካያኮች በአብዛኛው ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን በውሃ ላይ የሚጎተት ነገር አስሮ ፍጥነትን የመቀነሱ ዘዴ አሁንም ያው ነው።

የማዘግየት ጥቅም

ካያኩ በፍጥነት ሲገፋ መንጠቆው ወደ ታች ከመውረድ ይልቅ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ክሩም ይጋደማል። በዚህ ጊዜ በውሃው ወለል አጠገብ ያሉ ዓሦች ማጥመጃውን አያገኙትም፤ አጥማጁም ዓሣው ሲነካው በቶሎ አያውቅም። መገፋቱ ሲዘገይ ክሩ ወደ ቀጥታ ይጠጋል፣ አንዱ ቦታም ረዘም ላለ ጊዜ ይፈተሻል። ከዚህም በላይ አጥማጁ ሳያስተውል ከባሕር ዳርቻ ርቆ እንዳይወሰድ ይረዳል።

ነፋስ

ነፋስ ከውሃው በላይ ያለውን የካያኩን ጎንና የተቀመጠውን ሰው አካል ይገፋል። የካያኩ ፍጥነት የሚጨምረው የውሃው ተቃውሞ ከነፋሱ ግፊት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ነው። የውሃ ተቃውሞ በፍጥነት ካሬ መጠን ያድጋል። ስለዚህ ነፋሱ ሳይለወጥ ፍጥነቱን በግማሽ ለመቀነስ የውሃው ተቃውሞ የሚያርፍበት ስፋት አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። በጣም ትንሽ የሆነ መጎተቻ ለውጥ የማያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሰት

በፍሰት ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ራሱ ውሃው ነው። ውሃ ውስጥ ብቻ የተንጠለጠለ መሣሪያ ከውሃው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ካያኩን አያቆመውም። ፍሰትን መቋቋም የሚችለው ወለሉን የሚነካ መሣሪያ ወይም መቅዘፍ ነው።

ለምሳሌ ፍሰቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ቢሆንና ነፋሱ ካያኩን በውሃው ላይ በሰከንድ 0.4 ሜትር ቢገፋው፣ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ካያኩ ከዳርቻው አንጻር በሰከንድ 0.9 ሜትር ይሄዳል። ተንሳፋፊ መልሕቅ የነፋሱን ድርሻ በግማሽ ቢቀንሰው ፍጥነቱ 0.7 ሜትር ይሆናል። ነፋሱ ከፍሰቱ በተቃራኒ ከነፈሰ ግን ካያኩ መጀመሪያ የሚሄደው በሰከንድ 0.1 ሜትር ብቻ ነው። ያው ተንሳፋፊ መልሕቅ ሲጣል ወደ 0.3 ሜትር ከፍ ይላል፤ ማለትም የሚያዘገይ መስሎ ፍጥነቱን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል።

ሁለቱን ለመለየት መቅዘፍ አቁሞ በአቅራቢያ የሚንሳፈፍ ቅጠል ወይም አረፋ መመልከት ይቻላል። ከዳርቻው እየተራቀ ቅጠሉ ግን ከካያኩ ጎን ካልተለየ የሚወስደው ፍሰት ነው። ቅጠሉ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወደ ኋላ ከቀረ የሚገፋው ነፋስ ነው።

መሣሪያዎች

ተንሳፋፊ መልሕቅ፦ ከናይለን ጨርቅ የተሰፋ፣ አፉ ሰፊ ጭራው ጠባብ የሆነ ሾጣጣ ከረጢት ነው። ውሃ ሲሞላው እንደ ፓራሹት ይወጠራል። ከጭራው ላይ ሌላ ቀጭን ገመድ ይታሰራል፤ ይህ ገመድ ሲሳብ ከረጢቱ ይገለበጥና ውሃውን ስለሚለቅ በቀላሉ ይወጣል። ከረጢቱ ከሌለ በገመድ የታሰረ ባልዲ በተወሰነ ደረጃ ይተካዋል።

የሚጎተት ሰንሰለት፦ በወለሉ ላይ እየተጎተተ ካያኩን የሚያዘገይ አጭር ሰንሰለት ነው። ድምፁ ዓሣ እንዳያስበረግግ በአሮጌ የብስክሌት ካመራዳሪ ይሸፈናል። ለአሸዋማና ለጭቃማ ወለል ይስማማል። ድንጋይ ወይም ግንድ በበዛበት ቦታ ይያዛል፣ የውሃ ውስጥ ዕፅዋትንም ይነቅላል።

መልሕቅ፦ ካያኩን በአንድ ቦታ ያቆማል። ጥርሱ ወለሉን እንዲይዝ ገመዱ ከጥልቀቱ 5 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ቢረዝም ይመከራል። የጣና ሐይቅ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ጥልቀት 5 እጥፍ ማለት 40 ሜትር ገመድ ነው።

ችካል፦ ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለሉ ላይ የሚተከልና ካያኩ የሚታሰርበት ረጅም ዘንግ ነው።

የማሰሪያ ቦታ

ገመዱ ከካያኩ የፊት ወይም የኋላ ጫፍ ሲታሰር ጀልባው በርዝመቱ ወደ ነፋሱ ወይም ወደ ፍሰቱ ይዞራል። አጥማጁ ከመቀመጫው ሳይነሳ ገመዱን ወደ ጫፍ ለማድረስ በካያኩ ጎን በሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር ገመድ ይዘረጋል። ተንሳፋፊ መልሕቅን በመካከል አስሮ በጎን መገፋት በቀላል ነፋስ የተለመደ ነው፤ ብዙ ቦታ ለማዳረስም ይረዳል።

አደጋ እና ጥንቃቄ

በፍሰት ውስጥ መልሕቅ በካያኩ መካከል ከታሰረ ውሃው ጎኑን ይገፋል፣ ገመዱ ደግሞ ያንኑ ጎን ወደ ታች ይስባል። ካያኩ በሰከንዶች ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል። ጉዞ ላይ ያለ ካያክ ሰንሰለቱ በድንገት ሲያዝበትም ይኸው አደጋ ይደርሳል። ስለዚህ በኃይለኛ ፍሰት ውስጥ ከካያክ መልሕቅ መጣል አይመከርም።

ገመዱ በአንድ ስበት የሚፈታ መሆን ይኖርበታል፤ በጠንካራ ቋጠሮ ማሰር አደገኛ ነው። በገመዱ ጫፍ ተንሳፋፊ ኳስ ከተደረገ፣ አጥማጁ በአደጋ ጊዜ ገመዱን ለቆ በኋላ ሊያገኘው ይችላል። በእጅ የሚደረስበት ቢላዋ እና የለበሱት የመንሳፈፊያ ጃኬትም ያስፈልጋሉ። ነፋስ ከዳርቻው ወደ ውስጥ በሚነፍስበት ቀን መሣሪያዎቹ መወሰድን ያዘገያሉ እንጂ አያስቀሩም፤ ለመመለሻ የሚሆን ጉልበት ሳያልቅ መቅዘፍ መጀመር ያስፈልጋል።