ሆም ቲያትር፦ በመጠነኛ በጀት የዙሪያ ድምፅ አመራረጥ

ሰራውንድ ሳውንድ ወይም የዙሪያ ድምፅ የሚባለው ሥርዓት፣ አንድ ፊልም የያዘውን ድምፅ ሊመጣበት በታሰበው አቅጣጫ ከፋፍሎ፣ ቻናል በሚባሉ ለየብቻቸው በተቀረጹ መስመሮች አማካይነት በተመልካቹ ፊት፣ ጎንና ኋላ ከተቀመጡ ስፒከሮች የሚያሰማ ነው። ሥርዓቱ የተወለደው በሲኒማ ቤት ሲሆን፣ የዋልት ዲዝኒ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1940 ለ«ፋንታዥያ» ፊልም ያሠራው ፋንታሳውንድ የተባለ መሣሪያ ባለብዙ ቻናል ድምፅን ለሕዝብ ካሰሙት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ተከላው እጅግ ውድ ስለነበረ ግን ከጥቂት ቲያትር ቤቶች ሊያልፍ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶልቢ የተባለው ኩባንያ አራት ቻናሎችን በሁለት የድምፅ መስመሮች አጣምሮ በፊልሙ ላይ የሚያሰፍርበትን ዘዴ አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ዶልቢ ዲጂታል «ባትማን ሪተርንስ» ከተባለው ፊልም ጋር ወደ ሲኒማ ቤት ገባ፣ ከዚያም በዲቪዲ አማካይነት በመኖሪያ ቤቶች ተስፋፋ። ከመጀመሪያው አንሥቶ የዙሪያ ድምፅን ያራቀው ዋጋው ስለነበረ፣ ዛሬም በመጠነኛ ገንዘብ የሚሸምት ሰው ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር ገንዘቡ የትኛው ዕቃ ላይ በቅድሚያ መዋል እንዳለበት ነው።

በቤት ውስጥ በስፋት የሚሠራበት አደረጃጀት 5.1 ተብሎ ይጠራል። አምስቱ የሚያመለክተው ከፊት በግራ፣ በመካከልና በቀኝ፣ ከጎን ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ የሚቀመጡትን ስፒከሮች ሲሆን፣ ነጥብ አንድ የተባለው ከ120 ኸርትዝ በታች ላሉ ወፍራም ድምፆች ብቻ የተመደበው፣ ሰብዉፈር በሚባለው ትልቅ ስፒከር የሚሰማው ቻናል ነው። ከዚህ በላይ 7.1 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዋወቀውና ድምፅን ከጣራ በኩል ጭምር የሚያመጣው ዶልቢ አትሞስም አለ። በጀቱ ጠባብ የሆነ ገዢ ግን ለእነዚህ መጓጓት አይኖርበትም፤ በአምስት ጥሩ ስፒከሮች ላይ የዋለ ገንዘብ ለዘጠኝ ደካማ ስፒከሮች ከተበተነ ገንዘብ እጅግ የላቀ ውጤት ይሰጣል።

ከስፒከሮቹ ሁሉ ከባዱን ሥራ የሚሠራው የመካከለኛው ነው። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚቀረጸው በዚህ ቻናል ላይ ስለሆነ፣ የተዋናዮቹ ቃል ጠርቶ መሰማት አለመሰማቱን የሚወስነው እሱ ነው፤ ፍንዳታው ቤቱን እያናወጠ ንግግሩ የማይሰማበት ቤት ብዙውን ጊዜ በዚህ ስፒከር ላይ የተቆጠበበት ቤት ነው። በተጨማሪም አንድ መኪና ማያ ገጹን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያቋርጥ ድምፁ መልኩን ሳይለውጥ አብሮት መጓዝ ስላለበት፣ ሦስቱ የፊት ስፒከሮች ከአንድ አምራችና ከአንድ ተከታታይ ሞዴል ቢሆኑ ይመረጣል። ገንዘቡ ለሦስቱም ካልበቃ ሁለት ጥሩ ስፒከሮችን ከፊት አድርጎ መጀመር አሳፋሪ አይደለም፤ በመካከላቸው በትክክል ለተቀመጠ ሰው ንግግሩ ከማያ ገጹ መካከል የሚመጣ ሆኖ ይሰማዋልና። ወደ ጎን ለተቀመጠ ግን ድምፁ በቅርቡ ወዳለው ስፒከር ስለሚያደላ፣ ቤተሰቡ በሰፊ ሶፋ ላይ ተደርድሮ በሚያይበት ሳሎን ውስጥ መካከለኛው ስፒከር በመጀመሪያው አጋጣሚ መገዛት አለበት። ቀጥሎ ሰብዉፈሩ፣ በመጨረሻም የጎኖቹ ይመጣሉ። የጎኖቹ የሚሸከሙት በአብዛኛው ዝናብን፣ ጭብጨባንና የአካባቢን ጫጫታ የመሳሰሉ ድምፆችን ስለሆነ፣ ትንንሽና ርካሽ ቢሆኑ የሚያስከትሉት ጉዳት አነስተኛ ነው።

ሁሉም በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ሆም ቲያትር ዋጋው ስለሚማርክ ብዙዎች ይመርጡታል። ችግሩ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ስብስቦች ከሌላ ዕቃ ጋር በማይገጥሙ ልዩ መሰኪያዎች መሠራታቸው ነው፤ ስለዚህ አንዱ ክፍል ሲበላሽ የቀረውም ከጥቅም ውጭ ይሆናል፣ አንዱን ብቻ በተሻለ መተካትም አይቻልም። በአንጻሩ ለየብቻቸው የሚገዙ ስፒከሮችና ኤቪ ሪሲቨር፣ ማለትም የፊልሙን ድምፅ ተቀብሎ ለየቻናሉ የሚያከፋፍልና የሚያጎላ መሣሪያ (ከሳተላይት ዲሽ ሪሲቨር የተለየ)፣ ቀስ በቀስ ሊሟሉ ይችላሉ። ያገለገለ ዕቃ መግዛትም የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ የራሱ አምፕሊፋየር የሌለው ስፒከር በውስጡ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ስላሉት በአግባቡ ከተያዘ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ገዢው የድምፅ አውጪውን ሸራ ዙሪያ የያዘው ስፖንጅ ወይም ጎማ አለመበስበሱን በዓይኑ አይቶ፣ እያንዳንዱን ስፒከር ለየብቻ አስከፍቶ መስማት ይገባዋል። ኤቪ ሪሲቨሩ ግን የኤችዲኤምአይ መስመሮቹና የሚያነባቸው የድምፅ ዓይነቶች በቶሎ ስለሚያረጁ፣ በጣም የቆየ ቢሆን አይመከርም።

በሽያጭ ጊዜ ብዙ የሚነገረው ስለ ዋት ቢሆንም፣ በካርቶን ላይ ፒኤምፒኦ ተብሎ በሺዎች የሚጻፈው ቁጥር ምንም የተቆረጠ መለኪያ የሌለው ስለሆነ ከግምት ሊገባ አይገባም፤ መታየት ያለበት መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊያመነጭ የሚችለውን ኃይል የሚያሳየው አርኤምኤስ የተባለው ልክ ነው። የኃይል እጥፍ መሆን የድምፁን ጉልበት በ3 ዴሲቤል ብቻ ስለሚጨምር፣ በ50 እና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ጆሮ እንደሚጠብቀው ሰፊ አይደለም። ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት የሚያሰማው የድምፅ መጠን ነው፤ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 87 የሚሰጠው የሚፈልገውን ኃይል ግማሽ ብቻ ይጠይቃል። በተጨማሪም በጀርባው በኦም የሚጻፈው የኤሌክትሪክ ዕገዳ ሪሲቨሩ ከሚፈቅደው በታች ከሆነ መሣሪያው ከመጠን በላይ ይግላል።

አንዳችም ገንዘብ ሳያስወጣ ድምፁን ከሁሉ ይበልጥ የሚለውጠው አቀማመጡ ነው። የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከተመልካቹ አንጻር ከመካከሉ መስመር በ30 ዲግሪ፣ የጎኖቹ ደግሞ በ110 ዲግሪ አካባቢ ቢቀመጡ፣ የፊቶቹም ቀጭን ድምፅ አውጪ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ ቢውል ጥሩ ነው። የ80 ኸርትዝ ድምፅ ሞገድ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው፣ ጆሮ ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ለመለየት ይቸግረዋል፤ ሰብዉፈሩን ከማያ ገጹ ፊት ማስቀመጥ ግዴታ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ማዕዘን ላይ ሲደረግ ጉልበቱ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ያስገመግማል። ተስማሚውን ስፍራ ለማግኘት የታወቀው ዘዴ ሰብዉፈሩን መቀመጫው ላይ አስቀምጦ ወፍራም ድምፅ ያለውን ሙዚቃ ከከፈቱ በኋላ በግድግዳው ሥር እየተንበረከኩ መስማት፣ ድምፁ ጠርቶና ተስተካክሎ በተሰማበት ቦታም ማስቀመጥ ነው። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ሳሎን ድምፁን ስለሚያስተጋባ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከማናቸውም ውድ ሽቦ ይልቅ ይረዳሉ። ለአጭር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ ፍጹም በቂ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ በኩል ለሚመጡ መሣሪያዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት፣ የአሜሪካው ደግሞ 120 ቮልት በመሆኑ፣ ለዚያ ብቻ የተሠራ ሪሲቨር ወይም ሰብዉፈር በቀጥታ ከተሰካ ወዲያውኑ ሊቃጠል ይችላል። ስለሆነም ላኪው ከመክፈሉ በፊት በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ቮልት አንብቦ ይንገር፤ 120 ብቻ ከሆነ የዕቃውን ፍጆታ የሚችል ትራንስፎርመር አብሮ መገዛት አለበት፣ ዋጋውም ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይደመር።