ዝርዝሩን የመለሱት ሚኒስትር

ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ለሽልማት የታጩ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ቀረበልን፤ አንዲትም ሴት ልጅ አልነበረችበትም። ልብ ብየዋለሁ። ግን “መምህራኑ ያውቃሉ” ብዬ ፈረምኩ። ማታ ልጄ “አባዬ፣ ከእኛ ውስጥ ጎበዝ የለችም ማለት ነው?” ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ይህን ያስታወሰኝ የክሊፎርድ አሌግዛንደር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ኒውዮርክ ሐርለም ተወለዱ፤ አባታቸው ከጃማይካ የመጡ ስደተኛ ነበሩ። ሃርቫርድና ዬል ተምረው በብሔራዊ ዘብ በተራ ወታደርነት አገለገሉ። በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንን መሩ። በ1974 ለዋሽንግተን ከንቲባነት ተወዳድረው በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸነፉ። ከ3 ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር የምድር ጦር ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ።

አንድ ቀን ለጄኔራልነት የታጩ ኮሎኔሎች ዝርዝር ቀረበላቸው፤ ጥቁር መኮንን አልነበረበትም። በሠራዊቱ ግን ብቁ ጥቁር ኮሎኔሎች ነበሩ። ስለዚህ ዝርዝሩን መለሱት።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው። “እነ እገሌን ጨምሩ” አላሉም፤ መመዘኛው ዝቅ ይበልም አላሉም። የመኮንኖቹ ማኅደር እንደገና ይታይ፣ በቀለሙ ምክንያት ያለ አግባብ ዝቅተኛ ውጤት የተሰጠው ካለ ይጣራ አሉ። ማኅደሩ ሲታይ ዝርዝሩ ተለወጠ። በእሳቸው ዘመን፣ በ1979 ጄኔራል ከሆኑት አንዱ ኮሊን ፓወል ናቸው፤ ኋላ የጦር ኃይሎች የኢታማዦር ሹሞች ሰብሳቢ፣ ከዚያም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት።

አሌግዛንደር በ2022 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2009 በኦባማ በዓለ ሲመት ላይ ግጥም ያነበበችው ገጣሚ ኤልሳቤጥ አሌግዛንደር ልጃቸው ናት።

እኔም ያን ቀን ከማንም ሳልጣላ “የልጆቹ ውጤት አንዴ ይታይልኝ” ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ልጄ ዛሬ እናት ሆናለች።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጆቼ ተጣልተው እያለቀሱ መጡ። እንደ ልማዴ ታላቁን ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። “ኑ ተቀመጡ፤ ከመጀመሪያው ንገሩኝ” አልኳቸው። ጥፋተኛው እሱ አልነበረም።