«ልብ» የሚለው ቃል አመጣጥና ትርጕም

መምህር በክፍል ውስጥ «ልብ በሉ» ብሎ ያሳስባል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ልብ ደም የሚረጭ ጡንቻ እንደ ሆነ፣ የሚያስበውም አንጎል እንደ ሆነ ያስረዳል። ተማሪው ሁለቱን እንዴት ያስታርቃቸው? ይህ አጭር ጽሑፍ የቃሉን ምንጭ በመመርመር ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

«ልብ» በግዕዝም በአማርኛም የሚገኝ ጥንታዊ ቃል ነው። በዕብራይስጥ «ሌብ»፣ በአካድኛ «ሊቡ» የሚባሉት ዘመዶቹ አካሉንም ዐሳቡንም ይጠራሉ። በዐረብኛ «ሉብ» አስኳልና አእምሮ ማለት ሲሆን፣ የአካሉ ስም «ቀልብ» ነው። ይህም ወደ አማርኛ ገብቶ፣ «ቀልብህን ሰብስብ» እንደሚባለው፣ በአብዛኛው ለማስተዋል ውሏል። በግዕዝ «ለበወ» ማለት አስተዋለ፣ ዐወቀ ማለት ነው፤ «ልቡና» የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። ልባም አስተዋይ፣ ልበ ሙሉ ደፋር፣ ልብ ወለድ ደግሞ ዐሳብ የፈጠረው ታሪክ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮማ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» መባሉ ይታወሳል።

ልብን የማስተዋል መቀመጫ ማድረግ የእኛ ብቻ አልነበረም። አርስጣጣሊስም (384–322 ከክርስቶስ ልደት በፊት) ይህንኑ ያስተምር ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት ግን ሐኪሙ ጋሌኖስ ከአንጎል የሚመጣ ነርቭ ሲቈረጥ የዐሣማ ድምፅ እንደሚጠፋ በማሳየት፣ አዛዡ አንጎል መሆኑን አስረዳ።

ይሁን እንጂ የጥንት ተናጋሪዎች ከንቱ ነገር አልተናገሩም። ሰው ሲደነግጥ አንጎል በነርቭና አድሬናሊን በተባለው ንጥረ ነገር አማካይነት የልብን ምት ያፈጥናል። ስለዚህ ፈተና የቀረበበት ተማሪ «ልቤ ፈራ» ሲል፣ የፍርሃቱ ምንጭ አንጎል ቢሆንም፣ በደረቱ የሚሰማው ምት እውነተኛ ነው።

ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮችን ማስገንዘብ ይገባል። አንደኛ፣ «ልቤን አመመኝ» የሚል ሕፃን ጭንቀቱን ወይም በሽታውን መግለጹ ሊሆን ይችላል። ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የልብ በሽታ በአገራችን በትምህርት ዕድሜ ያሉትን ስለሚያጠቃ፣ መምህሩ አባባሉን እንደ ተራ ዘይቤ ሳያልፍ ጠይቆ መረዳት፣ አስፈላጊም ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ማድረግ አለበት። ሁለተኛ፣ የሥርዐተ ትምህርት አዘጋጆች የአማርኛውንና የሳይንሱን ትምህርት ቢያቀናጁ መልካም ነው። የአእምሮን ጠባይ የሚያጠናው ሙያ ራሱ «ሥነ ልቦና» ተብሎ መጠራቱ፣ የአነጋገር ቅርስና የሳይንስ ዕውቀት በአንድ ቃል ውስጥ ሳይጣሉ መኖር እንደሚችሉ ያስረዳል።