ከአሠሪው ርቆ ለሚሠራ ሰው የቆመው ሕግ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ፣ አባያንና ጫሞን ከኋላው ትቶ የደጋው ብርድ ሲቀበለው፣ በዶርዜ መንደር በቀርከሃ ከታነጸው ረጅም ቤት አጠገብ ሸማኔውን በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ያገኘዋል። እግሮቹ ከታች በየተራ ይረግጣሉ፤ አንዱ እጁ መወርወሪያውን ሲሰድድ ሌላው ይቀበላል፤ የተሸመነውም ጨርቅ በጭኑ ላይ እየተጠቀለለ ያድጋል። የድሩ ባለቤት ግን በዚያ የለም። ድርና ማጉን በመኪና ልኮ፣ የጥለቱን ዓይነት በስልክ ነግሮ፣ ያለቀውን ጋቢ የሚረከበው ነጋዴ ምናልባት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ተቀምጧል፤ ሸማኔውም አሠሪውን በዓይኑ ሳያይ ወራት ያልፋሉ። ዛሬ በአርባ ምንጭ ከተማ በኮምፒውተሩ ፊት ሆኖ በሩቅ ላለ ድርጅት ሒሳብ የሚሠራው ወጣት በዚህ ረገድ የሸማኔው ወንድም ነው። እንዲህ ያለ ሰው የአሠሪውን በደል አውቆ ቢናገር፣ ጋሻ የሚሆነው ሕግ ምንድን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ሰው አልዘነጋውም። አንድ ሰው በቤቱ ወይም በፈቃዱ በመረጠው ሌላ ስፍራ ሆኖ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይመራውና ሳይቆጣጠረው፣ ደመወዝ እየተከፈለው ዘወትር የሚሠራ እንደ ሆነ፣ ይህ በአዋጁ የታወቀ የሥራ ውል ነው። ድንጋጌው በቀደመው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ውስጥም ስለ ነበረ፣ ከቤት ሆኖ መሥራት ከኮምፒውተር ጋር የመጣ እንግዳ ነገር እንደ ሆነ መነገሩ ስሕተት ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ግን፣ አሠሪው ጥሬ ዕቃውን ወይም መሣሪያውን ለሠራተኛው ሸጦ የተሠራውን መልሶ ቢገዛው፣ ይህም እንደዚሁ የሥራ ውል ይቆጠራል የሚለው ቃል ነው፤ «ፈትሉን ሸጥሁለት፣ ጋቢውን ገዛሁት፤ እኔ ነጋዴ እንጂ አሠሪ አይደለሁም» የሚለውን ሰበብ ከሥሩ ይነቅለዋልና።

በዚሁ አዋጅ በአንቀጽ 26፣ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር ተካፋይ መሆኑ ውሉን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም፤ በዚህ ሰበብ የተሰናበተም በአንቀጽ 43 መሠረት ወደ ሥራው ይመለሳል፣ መመለስ ባይሻ ካሣ ይከፈለዋል። ይህ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ አገራችንም የተቀበለችው ስምምነት ቁጥር 158 ይህንኑ ይናገራል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም የአቤቱታውን ምንጭ እንዳይገልጥ፣ ይልቁንም የመጣው በአቤቱታ ምክንያት መሆኑን ለአሠሪው በፍንጭ እንኳ እንዳያስታውቅ ታዝዟል።

ነገር ግን በቤት የሚሠራ ሥራ ውል ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ እንደ ተደረገ ስለሚቆጠር፣ ሥራው ሲያልቅ ውሉም በራሱ ያልቃል፤ ጭንቀቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፋብሪካ የሚሠራውን የሚያባርር ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሸማኔው አሠሪ ግን ምንም አይጽፍም፤ ድሩ ብቻ ሳይመጣ ይቀራል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፤ ቢደውልም «ገበያው ቀዝቅዟል» ይባላል። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ያ ቀን ግን የትኛው ነው?

በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራው የኮንትራት ሰው ደግሞ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ነው። ስለዚህ ዳኛው የወረቀቱን ስም ትቶ የግንኙነቱን ባሕርይ እንዲመረምር እመኛለሁ፤ «ኮንትራት» የሚል ቃል በመጻፉ ብቻ ሠራተኛነቱ የሚጠፋ ከሆነ ሕጉ ለማን ቆመ?

በደሉ ከደመወዝ አልፎ ወንጀል ሲሆን ሌላ ሕግ ይመጣል። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት በትምህርት ተስፋ እየተታለሉ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ሲወሰዱ መኖራቸው የታወቀ ሐዘን ነው፤ ይህንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በአጠገባቸው ባለው ጉድጓድ የተቀመጠው ጎልማሳ ሸማኔ ነው። በሰው መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ጽኑ ቅጣት አለበት። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም፣ ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ በሌላ መንገድም ሊገለጥ ወይም ሊረጋገጥ የማይችል ሲሆን፣ ጠቋሚውንም ወይም ቤተ ሰቡን ብርቱ አደጋ የሚያሰጋቸው ሲሆን፣ ማንነቱን ይሰውርለታል፣ መኖሪያውን ይለውጥለታል፣ ከመጋረጃ ጀርባም ያስመሰክረዋል። በግእዝ ምስክርነት «ስምዕ» ይባላል፤ «ሰማዕት» የሚለው ክቡር ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በመንደር ግን ያው ሰው «አሳባቂ» ይባላል፤ ይህን ስም መሸከም ለብዙዎች ከድሩ መቅረት ይልቅ ይከብዳቸዋል።

በጋሞ ምድር ግን ሰው ነገሩን በብርሃን የሚናገርበት፣ ዱቡሻ የሚባል የአደባባይ ሸንጎ አለ፤ የተሸሸገ ነውርም ጎሜ ሆኖ በሰው ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለምለም ሣር ይዘው ተንበርክከው ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የመለሱ ሽማግሎች የዚህ ሥርዓት ልጆች ናቸው። የሽሮ ሜዳው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ከዚሁ አገር የወጣ ስለ ሆነ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሳይነካው የእነዚህ አባቶች ጥሪ ሊነካው ይችላል፤ «አሳባቂ» የሚለውን ስም ከሸማኔው ላይ ለማንሣትም ከእነርሱ የሚሻል የለም።

አዋጁ ደግሞ አሠሪው መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል፤ የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፣ የሰጠውን ጥሬ ዕቃ ዓይነትና ብዛት፣ የታዘዘውን ሥራ፣ የርክክቡን ጊዜና ቦታ፣ የክፍያውን ልክ። ይህን መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ጥቂት ነው ብዬ እፈራለሁ። ሸማኔው ግን በልጁ ደብተር ጀርባ ድሩ የመጣበትን ቀን፣ ጋቢው የሄደበትን ቀን፣ የተቀበለውን ገንዘብ፣ «ገበያው ቀዝቅዟል» የተባለበትንም ቀን ቢጽፍ፣ ሦስቱ ወር ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር ለዳኛው የሚያሳየው ያች የመጨረሻዋ መሥመር ናት።