የድምፅ ኢንተርፌስ ለቤት ስቱዲዮ

የድምፅ ኢንተርፌስ ከማይክራፎን ወይም ከሙዚቃ መሣሪያ የሚመጣን የኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒውተር የሚያቀብል፣ ከኮምፒውተሩ የሚወጣውንም ቁጥር መልሶ በጆሮ ማዳመጫና በስፒከር ወደሚሰማ ሞገድ የሚቀይር መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ «ሳውንድ ካርድ» ይባላል። ስሙ ቀድሞ ኮምፒውተር ውስጥ ይሰካ ከነበረው ካርድ የተወረሰ ሲሆን፣ የዛሬው ግን በዩኤስቢ ገመድ የሚያያዝ ትንሽ ሣጥን ነው። ቤቱ ውስጥ ስቱዲዮ ለሚያደራጅ ሰው ከማይክራፎኑ ቀጥሎ ዋናው ግዢ ይኸው ነው። በግዢው የሚፈጸመው ስሕተትም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ፣ የመግቢያዎቹን ዓይነት ሳይቆጥሩ መግዛት።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች እንደሆነ ይነገራል። ለሙዚቃ ወዳድ ግን ካዛንቺስ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው አዝማሪ ቤቱ ነው። ከነዚህ አንዱ የነበረው፣ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ የሚመራው ፈንዲቃ፣ በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከነበረበት ቦታ ተነሥቷል። ቤቱ ሲፈርስ ተጫዋቹም አድማጩም ይበተናል፤ የሰፈሩን ዜማ መቅዳት የሚፈልግ ሰው ባለሙያዎቹን በየሄዱበት፣ አንዳንዱን በኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ አንዳንዱን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መፈለግ አለበት። በዚህ ምክንያት በቦርሳ ተይዞ የሚሄድ፣ ባለው ሶኬት የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋም የማይቆም መሣሪያ ማግኘት ትርፍ ምቾት ሳይሆን ዋናው መስፈርት ይሆናል።

አሠራር

ማይክራፎን የሚያወጣው ሞገድ እጅግ ደካማ ነው። በየመድረኩ የሚታየው ሹር ኤስኤም58 ዓይነቱ ዳይናሚክ ማይክ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ሲሆን፣ የስቱዲዮ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት መጠን ግን 1 ቮልት ገደማ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ፕሪአምፕ የተባለው ማጉያ ነው። 60 ዴሲቤል ጌይን ሞገዱን 1,000 ጊዜ ማጉላት ማለት ስለሆነ፣ ፕሪአምፑ የራሱ ሽሽታ ካለው ያ ሽሽታ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይጎላል።

ከዚያ መቀየሪያው ሞገዱን በየሰከንዱ ደጋግሞ ይለካዋል፤ ለሲዲ 44,100 ጊዜ፣ ለቪዲዮ 48,000 ጊዜ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ስለሚሰማ፣ አንድን ድግግሞሽ ለመያዝም ከእጥፉ ጥቂት ከፍ ባለ ፍጥነት መለካት ስለሚበቃ፣ እነዚህ ቁጥሮች የሚሰማውን ሁሉ ይሸፍናሉ። ካርቶኑ ላይ የሚደምቀው «192 ኪሎኸርዝ» ለቤት ስቱዲዮ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የፋይል ክብደት ነው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የተቀዱ ሁለት ትራኮች በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ሲይዙ፣ በ192 ኪሎኸርዝ 4 ጊጋባይት ይሆናሉ።

የቢቱ ጉዳይ ይለያል። 16 ቢት እያንዳንዱን ልኬት በ65,536 ደረጃዎች ሲመድብ፣ 24 ቢት ከ16 ሚሊዮን በላይ ደረጃዎች አሉት። ጥቅሙ የሚታየው በቀረጻው ሰዓት ነው። ድምፃዊው ድንገት ከፍ ቢያደርግ እንዳይቆራረጥ ደረጃውን ዝቅ አድርጎ መቅዳትና በኋላ ማሳደግ ያስችላል። የዛሬ መሣሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም 24 ቢት ስለሆኑ ግን በዚህ የሚመራረጥ ነገር የለም።

ስንት መግቢያ? ምን ዓይነት?

የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡትን ካሴት በአሜሪካ ሲሠሩ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና ኤሌክትሪክ ፒያኖውን ራሳቸው እየተጫወቱ፣ የከበሮ ማሽን ጨምረው፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ ቀድተዋል። እንዲህ የሚሠራ አቀናባሪ ምንም ያህል ብዙ ትራክ ቢኖረው በአንድ ጊዜ የሚቀዳው አንድ ነገር ነው። አንድ ጥሩ መግቢያ ይበቃዋል ማለት ነው፤ ኪቦርዱ ስቴሪዮ ከሆነ ደግሞ ሁለት።

አዝማሪ ግን እንዲህ አይቀዳም። ማሲንቆውና ድምፁ የሚነጣጠሉ ሥራዎች አይደሉም፤ ቀስቱ ቃሉን ይከተላል፣ ግጥሙም በዚያው ቅጽበት ይፈጠራል። «መጀመሪያ ማሲንቆውን ብቻ ተጫወትልኝ፣ ዘፈኑን በኋላ እንጨምራለን» የተባለ ተጫዋች የሚሰጠው ዜማ የተለየ፣ ብዙውን ጊዜም የደረቀ ነው። ስለዚህ አንድ ማይክ ለአፉ፣ አንድ ማይክ ለማሲንቆው ቆዳ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ «ባለ ሁለት መግቢያ» የሚለው አጠራር ብዙ ሰው ያሳስታል። የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎና የቤሪንገር ዩኤምሲ22 ሁለት መግቢያ ቢኖራቸውም የማይክ ፕሪአምፕ ያለው በአንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ለጊታር ወይም ለኪቦርድ የተሠራ ነው። የዚያው ኩባንያ ስካርሌት 2አይ2 ግን ሁለት የማይክ ፕሪአምፕ አለው። ከውጭ ሲታዩ ሶሎውና 2አይ2 የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ አዝማሪን ለመቅዳት ግን አንዱ ይሆናል፣ ሌላው አይሆንም።

ለኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት የሚልከው ፋንተም ፓወር በሁለቱም መግቢያዎች ላይ መኖሩም መታየት አለበት። የተለጠፈ ፒኤዞ ፒክአፕ ያለው ክራር ከሆነ ደግሞ «ኢንስትሩመንት» የሚባለው መግቢያ የግድ ነው። ይህ መግቢያ 1 ሜጋኦም አካባቢ መቋቋም ሲኖረው፣ የተለመደው የላይን መግቢያ 10 ኪሎኦም ገደማ ብቻ ስላለው የፒክአፑን ወፍራም ድምፅ ይበላዋል። ክራሩ ቀጭን ሆኖ ተሰማ ብሎ ጅማቱን የሚቀይር ሰው አንዳንዴ መቀየር ያለበት የተሰካበትን ቀዳዳ ነው።

በገና የፕሪአምፕን ጥራት ክፉኛ የሚፈትን መሣሪያ ነው። አውታሮቹ በእርጋታ ስለሚደረደሩና ከበገነኛው ለስላሳ ድምፅ ጋር ስለሚሄዱ ጌይኑ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ከእንዚራው የሚወጣው ንዝረት ሲደበዝዝ በፀጥታው ውስጥ የሚቀረው የፕሪአምፑ ሽሽታ ይሆናል። በአምራቾች መግለጫ ላይ «ኢአይኤን» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ይሻላል። ከ−128 ዲቢዩ አካባቢ ያለ መሣሪያ ለማንኛውም የቤት ሥራ ጸጥተኛ ነው።

መብራትና መሬት

ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚወስድ ኢንተርፌስ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል። የራሱን አዳፕተር የሚፈልገው ግን ያለ ዩፒኤስ በዚያው ቅጽበት ይቆማል፤ የተቀዳውም ሊበላሽ ይችላል። የዩኤስቢ 2.0 መውጫ የሚሰጠው 2.5 ዋት ብቻ ስለሆነ ስምንት ማይክ የሚይዙ ትልልቅ መሣሪያዎች አዳፕተር መፈለጋቸው አይቀርም። ባለ ሁለት ማይኩ ግን ሳይቸገር ይሠራበታል። ዩኤስቢ 3 የሚል ጽሑፍ በዚህ መጠን ላለ ሥራ ምንም አይጨምርም፤ ሁለት ትራክ በሰከንድ የሚፈልገው 2.3 ሜጋቢት ሲሆን የዩኤስቢ 2.0 መስመር 480 ይሸከማል።

ብዙ አሮጌ ቤቶች የመሬት ሽቦ የላቸውም። የሀገሪቱ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በቀረጻው ውስጥ «እምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ሲገባ ከ50 እና ከ100 ኸርዝ ላይ ነው የሚገኘው። ጥፋቱ በኢንተርፌሱ ይመካኛል፤ ምንጩ ግን ብዙ ጊዜ የላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ድምፁ ከጠፋ መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ቀረጻውም በባትሪ ሊካሄድ ይችላል። የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት ግን ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው።

በክረምት በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያስቆም ኢንተርፌስ የለም። ጫጫታ ባለበት ቤት የተለመደው መላ ወደ አፍ የሚጠጋ ዳይናሚክ ማይክ መያዝ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጌይን ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ቤት ያለው ገዢ 60 ዴሲቤል ገደማ ሳይንጫጫ የሚሰጥ ፕሪአምፕ መፈለግ አለበት። ለኮንደንሰር ማይክ ግን ከዚያ ያነሰ ይበቃል።

መዘግየት

ዘፋኙ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ዘግይቶ ሲሰማ ምቱ ይጠፋበታል። መዘግየቱ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ልኬቶቹን በፈር በሚባል መያዣ እያጠራቀመ ስለሚሠራ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ልኬት የሚይዝ በፈር 2.7 ሚሊሰከንድ፣ 1,024 የሚይዘው ደግሞ 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ለመግቢያም ለመውጫም ስለሚቆጠር ይደረባል። ለማነጻጸር፣ ድምፅ በአየር ላይ በ10 ሚሊሰከንድ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ይጓዛል። በዊንዶውስ ላይ ለዚህ የተሠራው አሲዮ ድራይቨር፣ የስታይንበርግ ሥራ፣ በፈሩን ለማሳነስ ይረዳል። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚለው ቁልፍ ነው፤ ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያዞር በቀጥታ ለጆሮ ይሰጣል። ይህ ቁልፍ የሌለው መሣሪያ ለደካማ ኮምፒውተር አይገዛም።

ያገለገለ መሣሪያ

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ስለተወደደ፣ ያገለገለ ኢንተርፌስ መግዛት የብዙዎች ምርጫ ነው። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚገባውም ቢበላሽ ዋስትናውን እዚህ ማስከበር ይከብዳል። ከአሮጌዎቹ ፋየርዋየር የሚባል መሰኪያ ያላቸው፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆኑ፣ አዳዲስ ላፕቶፖች መሰኪያው ስለሌላቸው መተው አለባቸው። ያለ ድራይቨር በራሳቸው የሚሠሩት ግን አምራቹ ቢተዋቸውም ዕድሜ አላቸው፤ ብዙዎቹም በተስማሚ ገመድ ከስልክ ጋር ይሠራሉ።

ሲገዛ የራስን ላፕቶፕ፣ ማይክና ገመድ ይዞ መሄድ ነው። ማይኩ ከተሰካ በኋላ ጌይኑን ቀስ እያሉ እስከ ጫፍ ማዞር፤ ቁልፉ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አልቋል። ፋንተም ፓወሩ በኮንደንሰር ማይክ መሞከር አለበት፣ መብራቱ መብራቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። የዩኤስቢ ገመዱን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ መሰኪያው ላልቷል። ከዚያ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ ማዳመጥ፣ ሁለተኛውንም መግቢያ በዚሁ መንገድ መፈተን።