ለብሰውታል፤ ፈትለውትስ ያውቃሉ?

ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ግቢ በባህል ልብስ ይደምቃል። ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፤ ማታ ልብሱ ታጥፎ ሳጥን ይገባል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ዕለት መታሰቢያ ነው፤ በዓሉ ክፋት የለውም። ግን የዶርዜን ልብስ አንድ ቀን የለበሰ ልጅ ዶርዜን ዐወቀ ማለት ይቸግራል።

ዶርዜዎች ራሳቸው የተሻለ መንገድ አላቸው። ከአርባ ምንጭ ከፍ ብሎ ጨንቻ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው የሄደ እንግዳ ከቀርከሃ የተሠራውን፣ አዲስ ሳለ እስከ 12 ሜትር የሚደርሰውን ቤት አይቶ ብቻ አይመለስም። እንሰት ሲፋቅ ያያል፤ መፋቂያውንም ይቀበላል። የተፋቀው በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንደሚብላላ ይነገረዋል። ከዚያ ቆጮው ተጋግሮ በማርና በዳጣ ይቀርብለታል። ክትፎ ቤት ቆጮ ሲበላ ያደገ የከተማ ልጅ ምግቡ ከየት እንደሚመጣ የሚገባው ያኔ ነው።

ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ አይደለም። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አኗኗር ከልጅነት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። ጥሩ መነሻ ነው። ጉድለቱ ዕቃው በመስታወት ውስጥ መሆኑ ነው፤ ልጅ ደግሞ መንካት ይወዳል።

እንግዲህ የሚነካ ነገር ያስፈልጋል። ጥጥ ይሁን እንበል። ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች፤ ክሩ እየቀጠነ ይወርዳል። ልጁ ሲሞክር ይበጠስበታል፤ ይቀጥላል፣ እንደገና ይበጠሳል። ትንሽ ልቃቂት ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት የለም። ከዚያ የአያቱን ጋቢ ጠርዝ ገልጦ አራት ድርብ መሆኑን ይቁጠር፤ ነጠላው ሁለት ነው። ለአንድ ጋቢ ስንት ልቃቂት እንደሚሄድ ራሱ ይጠይቃል።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአገራችን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ሲናቁ ኖረዋል፤ የሸማኔውን ጥበብ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሸማኔውን ይሰድብ ነበር። ቀሚሱን ማድነቅ ይህን ንቀት አላጠፋውም። ክሩ በእጁ የተበጠሰበት ልጅ ግን ሸማኔን ለመናቅ የሚደፍር አይመስለኝም።

 አስተማሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አስተማሪዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸውና። አዲስ አበባ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ከተማ ናት፤ እንሰት ስትፍቅ ያደገች እናት፣ ጥጥ ስትፈትል የኖረች አያት በየብሎኩ አትጠፋም። ኮንዶሚኒየሞች የጋራ መገልገያ ቤት አላቸው፤ ዕድሮችም ድንኳንና ወንበር አላቸው። ከሚቀጥለው ኅዳር 29 አንድ ቅዳሜ ቀደም ብላችሁ እነዚህን እናቶች ጋብዙ፤ ለልጆቹም እንዝርት ግዙላቸው፤ መርካቶ ቅርብ ነው።