እንዴት ይሠራል? ሳንባችን ውስጥ ያለው የባጅ ቁጥጥር

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩ ከሆነ፣ ጠዋት ከሰርቪስ ወርዳችሁ በሩ ጋ ስትደርሱ እጃችሁ ሳታስቡት ወደ አንገታችሁ ይሄዳል። ባጁ አለ። ጥበቃው ፎቶውን ያያል፣ ፊታችሁን ያያል፣ ታልፋላችሁ።

እናንተ እዚያ ቆማችሁ ሳለ ሰውነታችሁ ውስጥም ይኸው ቁጥጥር እየተካሄደ ነው። ከቀይ የደም ሕዋሳት በቀር እያንዳንዱ ሕዋስ ማለት ይቻላል ባጅ አንጠልጥሏል፤ ባጁን የሚያዩ ጥበቃዎችም ቀን ከሌት ይዞራሉ። ዛሬ ይህን ቁጥጥር እናያለን። በተለይም ቁጥጥሩን አታሎ የሚያልፈውን አስቸጋሪ ሕዋስ፣ የሳንባ ካንሰር ግንደ ሕዋስን እንተዋወቃለን።

በመጀመሪያ ሳንባው። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉና ትንፋሻችሁን ቁጠሩ። ያረፈ ጎልማሳ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በቀን ሲደመር 20 ሺህ ያህል ይሆናል። አየሩ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል።

አሁን ሌላ ሙከራ። ምሽት ላይ ምድጃው ሲጨስ ነጭ ጨርቅ ውኃ ነክራችሁ ጭመቁ፤ ከእሳቱ ራቅ አድርጋችሁ ጭሱ የሚያልፍበት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ጨርቁ ላይ የቀረው ጥቀርሻ ወደ ሳንባችሁ ሊገባ የነበረ ነው።

ሳንባ ይህን ዝም ብሎ አይቀበልም። የአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ዋጭ ሕዋሳት አሉ። አቧራውን፣ ጥቀርሻውን፣ ጀርሙን እየለቀሙ ይውጣሉ። የሞተና የተበላሸ ሕዋስም ያነሣሉ።

ባጁስ? አንድ ሕዋስ ውስጡ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ጥቂቱን ይቆራርጥና ቁራጮቹን በልዩ መያዣ ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ገጽታው ያወጣል። መያዣው የባጁ ካርድ ነው፤ ቁራጩ ደግሞ ፎቶው። ፎቶው በየጊዜው ስለሚታደስ፣ ሕዋሱ ዛሬ ውስጡ ምን እየሠራ እንደሆነ ከውጭ ይታወቃል።

ፎቶውን የሚያዩት ቲ ሕዋሳት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። የቫይረስ ወይም የተበላሸ ፕሮቲን ቁራጭ ካዩ ያንን ሕዋስ እዚያው ይገድሉታል። ይህን የባጅ አነባበብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኙት ፒተር ዶሄርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል በ1996 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል።

እነዚህን ጥበቃዎች በእጃችሁ ልትዳስሷቸው ትችላላችሁ። እግራችሁ ቆስሎ ብሽሽታችሁ ላይ ንፍፊት ወጥቶ ያውቃል? በሚቀጥለው ጊዜ ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ ከመንጋጋችሁ ሥር በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ፈልጉ። ያ የምታገኙት እብጠት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚሰባሰቡበት ዕጢ ነው፤ ያበጠው ወራሪውን የሚያውቁት ሕዋሳት እዚያ እየተባዙ ስለሆነ ነው።

ባጁን አውልቆ የጣለ ሕዋስስ ያመልጣል? አያመልጥም። ኤንኬ የሚባሉ ሌሎች ጥበቃዎች አሉ፤ የእነሱ ሥራ ባጅ የሌለውን መያዝ ነው። ፎቶው የተበላሸውን አንዱ፣ ባጅ የሌለውን ሌላው ይይዘዋል። በጣም የታሰበበት አሠራር ነው።

ታዲያ ካንሰር እንዴት ያልፋል? ዕጢ ውስጥ ያሉት የካንሰር ሕዋሳት ሁሉ እኩል አይደሉም። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ራሳቸውን እየተኩ ዕጢውን እንደ አዲስ መሥራት ይችላሉ፤ ግንደ ሕዋስ የተባሉትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያሉ ሕዋሳትን በደም ካንሰር ውስጥ የጆን ዲክ ቡድን ቶሮንቶ ላይ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳየ። በሳንባ ካንሰር ውስጥ ደግሞ የሮም ተመራማሪዎች በ2008 ለይተው አወጧቸው፤ ወደ አይጥ ሲያዛውሯቸውም ዕጢው እንደገና በቀለ።

የእነዚህ ሕዋሳት የመጀመሪያ ዘዴ ባጁን ማደብዘዝ ነው። ብዙ ጊዜ መያዣዎቹን ይቀንሳሉ፤ ቲ ሕዋሱ የሚያነበው ፎቶ ያጣል። ኤንኬዎቹ እንዳይነቁም፣ የተጎዳ ሕዋስ ገጽታው ላይ የሚያወጣውን የጭንቀት ምልክት ቆርጠው ይጥላሉ።

ሁለተኛው ዘዴ ሐሰተኛ ይለፍ ማሳየት ነው። ቲ ሕዋስ ላይ ፒዲ-1 የሚባል ፍሬን አለ። ጤነኛ አካል ራሱን እንዳይጎዳ የተፈጠረ ነው። የካንሰሩ ሕዋስ ፒዲኤል-1 የሚባለውን ፕሮቲን ገጽታው ላይ ያወጣና ፍሬኑን ይይዘዋል። ቲ ሕዋሱ አጠገቡ ቆሞ ሳለ እጁን አያነሣም።

ሦስተኛው ለማክሮፋጆቹ የተዘጋጀ ነው። ሲዲ-47 የሚባለው ፕሮቲን ለማክሮፋጅ «አትብላኝ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋሳትም በዚሁ ምልክት ይጠበቃሉ፤ ምልክቱን የሚሸፍኑ መድኃኒቶች ደም ማነስ የሚያስከትሉትም ለዚህ ነው።

አራተኛው ዘዴ እንቅልፍ ነው። ግንደ ሕዋሱ ለረጅም ጊዜ ሳይባዛ ይቆያል። የተለመደው ኬሞቴራፒ የሚመታው ደግሞ በፍጥነት የሚባዛውን ሕዋስ ነው፤ የታማሚው ፀጉር የሚረግፈውም የፀጉር ሥር ሕዋሳት ፈጣን ስለሆኑ ነው። ዕጢው ይሟሽሻል፣ ቤተሰብ ተመስገን ይላል፣ የተኛው ሕዋስ ግን ይተርፋል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ካንሰሩ የሚመለሰው ከእሱ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ጥበቃዎቹን ማባበሉ ነው። ግንደ ሕዋሱ በሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ማክሮፋጆችን ወደ ራሱ ይጠራና ጠባያቸውን ይለውጣል። የተለወጠው ማክሮፋጅ ካንሰሩን መዋጡን ትቶ የደም ሥር እንዲበቅልለት ያግዛል፤ ግንደ ሕዋሱ ግንድነቱን እንዳያጣ የሚያደርግ ኬሚካልም በምላሹ ይሰጠዋል። ስለዚህ አንዱን ብቻ መምታት አይበቃም፤ ስምምነታቸውን ማፍረስ ያስፈልጋል።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም የአዳማው ፓርክ ተመረቀ። በዚያው ወር የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ለአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን መሰጠቱ ተነገረ። ሆንጆ ፒዲ-1ን ያገኘው ሰው ነው፤ አሊሰን ደግሞ ሌላ የቲ ሕዋስ ፍሬን መልቀቅ ካንሰርን እንደሚያክም ያሳየ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መድኃኒቱ የቲ ሕዋሱን ፍሬን ይሸፍነዋል፣ ሐሰተኛው ይለፍ ሊይዘው አይችልም፣ ጥበቃው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን እንዲህ ያለ መድኃኒት እንደ መጀመሪያ ሕክምና ከወሰዱ፣ ካንሰሩ ሩቅ ከተዛመተባቸው የሳንባ ታማሚዎች ውስጥ በአንድ ትልቅ ሙከራ 23 በመቶ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ቀድሞ ቁጥሩ 5 በመቶ አካባቢ ነበር። ለሁሉም አይሠራም፣ ዋጋውም እጅግ ከባድ ነው። ቢሆንም የራሳችን ጥበቃዎች ዕድል ከተሰጣቸው ካንሰርን ማሸነፍ እንደሚችሉ አረጋግጧል።

ጨርቅ ላይ ለምትሠሩ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ሻንጋይ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሠሩ ከ267 ሺህ በላይ ሴቶችን መነሻ ያደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። የጥጥ ብናኝ ውስጥ ያለው ኢንዶቶክሲን የተባለ የባክቴሪያ ቅሪት የበዛባቸው ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር የተያዙት በአንጻሩ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ቅሪቱ የሳንባውን ጥበቃዎች ሳያነቃቃ አልቀረም ብለው ገምተዋል።

ይህ ግን ማስክ አውልቁ ማለት አይደለም። የጥጥ ብናኝ ቢሲኖሲስ የሚባል የሳንባ በሽታ ያመጣል። ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ በገባችሁበት ቀን ደረታችሁ ጭንቅ ካለ ምልክቱ ሊሆን ስለሚችል ለክሊኒኩ ንገሩ። ዓመታት ሲቆይ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ትልቁ ጠላት ሲጋራ ነው። ጭሱ የሕዋሶቹን ዘረ መል ያበላሻል፣ ማክሮፋጆቹንም ያዳክማል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ስለዚህ አጠገባችሁ የሚያጨስ ካለ «አቁም» ማለት መብታችሁ ነው። የእንጨት ጭስንም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል፤ ምግብ ስትሠሩ መስኮትና በር ክፈቱ፣ ሕፃን አዝላችሁ ምድጃ ላይ አትቁሙ።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቲቢ ምርመራ አድርጉ። ቲቢ የለም ተብላችሁ፣ ወይም መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ሳሉ ካልቆመ፣ አክታችሁ ደም ካለበት፣ ያለምክንያት ከከሳችሁ ግን በዚያ አትርኩ፤ የደረት ራጅ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። የሳንባ ካንሰር ሳይዛመት ሲገኝ በቀዶ ሕክምና ሊድን ይችላል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ማን ሲስል እንደከረመ ጠይቁና ነገ ይዛችሁት ሂዱ።